አባዬ “ጎበዝ” ሲለኝ

ጥቅምት 4
ፍሪጁ ላይ አዲስ ዝርዝር ተለጥፏል። በአባዬ እጅ፣ በትልልቅ ፊደል። “እቃ ማጠብ፣ ሳሎን መወልወል፣ ምሳዬን ጋራዥ ማድረስ፣ ቱታዬን መዘፍዘፍ...” ከእያንዳንዱ ፊት ለፊት ባዶ ሳጥን። ከሠራሁ በቀይ እስክሪብቶ ራይት፣ ካልሠራሁ ኤክስ። መካኒክ ነው ወይስ አስተማሪ? እማዬ ሌላ ከተማ ሥራ ከገባች ወዲህ ቤቱም ጋራዥ ሆኗል፣ እኔም ረዳት።
ቱታውን ሁለት ጊዜ ዘፈዘፍኩት። ግሪሱ ወይ ንቅንቅ!

ጥቅምት 7
ትልቅ ግኝት! ድስት እየፈተግኩ፣ ጀርባዬን ሰጥቼው፣ “አባዬ፣ ነገ ሳሎን አልወለውልም” አልኩ። በቀስታ።
“ጎበዝ” አለኝ።
ደገምኩት። “ጎበዝ፣ የኔ ልጅ።”
በሳቅ ፍርስ አልኩ። ፈቃድ ተገኘ።

ጥቅምት 8
አልወለወልኩም። ኤክስ! “ትናንት ጎበዝ ብለኸኝ የለ እንዴ?” ስለው ፊቱን ቅጭም አደረገ። “መች ነው ያልኩሽ?” ካደ። በጠራራ ፀሐይ ካደ!

ጥቅምት 12
እማዬ ደወለች። አባዬ እንደ ልማዱ ስልኩን ወደ እኔ ገፋው። “እጄ ግሪስ ነው፣ አንቺ አውሪያት። ደህና ነው በያት።” እጁ ንጹሕ ነበር። ገና መታጠቡ ነው፣ ዐይቼዋለሁ።
“አባትሽን ምን አድርጌው ነው?” አለች እማዬ። “ሦስት ወር ሙሉ አንድ ቃል...” ሥራ በዝቶበት ነው አልኳት። ውሸቴን። ተቀይሟት ይሆን? ሊለያዩ ይሆን እንዴ?

ጥቅምት 16
ምሳውን ጋራዥ ሳደርስ አንድ የሚኒባስ ሹፌር ይጮህበታል። “ሰውዬ፣ ትናንት እኮ ነው ያየኸው! የጎማው ኩሽኔታ እንደ ወፍጮ እያጓራ ‘ምንም የለውም’ ብለህ ሰደድከኝ! ሰው ጭኜ ጎማው ቢወልቅስ?”
አባዬ... ካቻቢቴ ሞተር ላይ ደግፎ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ለጥፎ የመኪና በሽታ የሚያውቀው አባዬ... የሰውየውን ከንፈር እያየ ቆሟል። ሹፌሩ ሲጨርስ ራሱን ነቀነቀ።
“ጎበዝ” አለው።
“ታሾፍብኛለህ?” ብሎ ሊያንቀው ምንም አልቀረውም። ምሳ ዕቃው ከእጄ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ተንኳኳ። ጋራዡ በሙሉ ዞረ። አባዬ ብቻ አልዞረም።

ጥቅምት 17
ስልኩም፣ ዝርዝሩም፣ ጎበዙም... ለካ አንድ ነገር ነው። እኔ ደግሞ ጀርባዬን እየሰጠሁ ስስቅበት። አፈርኩ። በጣም አፈርኩ።
ባለጋራዡ ካወቀ ሊያባርረው ነው። ዝም ብል ደግሞ... ያ ሚኒባስ ሰው ጭኖ ነበር።

ጥቅምት 18
ፊት ለፊቱ ቆሜ፣ ቀስ ብዬ፣ “አባዬ፣ አትሰማም አይደል?” አልኩት።
“እሰማለሁ! ማን አለሽ?” በሩን አላትሞ ወጣ።
ቱታውን እየፈተግኩ አለቀስኩ። ለግሪሱ ነው።

ጥቅምት 19
ሳይነሳ በፊት፣ በራሱ ቀይ እስክሪብቶ፣ ዝርዝሩ ግርጌ ጻፍኩ፦ “የአባዬ ሥራ። ጆሮ ሐኪም መሄድ (አብሬህ እሄዳለሁ)። ለባለጋራዡ መንገር። ለእማዬ መንገር።” ሦስት ባዶ ሳጥን።
ከትምህርት ቤት ስመለስ አልቀደደውም። ራይትም የለም። እስክሪብቶው ግን ጠፍቷል።

ጥቅምት 22
ቁርስ ላይ ጫማውን አስሮ ጠበቀኝ። “ጆሮ ሐኪም ጋ አትወስጂኝም?” አለ፣ እኔን ሳያየኝ።

ጥቅምት 26
ሁለት ራይት! የመስሚያ መሣሪያ ታዞለታል፣ ቀጠሮ ይዟል። ለባለጋራዡም ራሱ ነገረው። አልተባረረም። ግን እስከዚያ የሞተር ድምፅ የሚያዳምጠው ሌላ መካኒክ ነው፣ እሱ መፍታትና መግጠም ብቻ። ከፍቶታል፣ ፊቱ ላይ ያስታውቃል።
ከሰዓት እማዬ ደወለች። ስልኩን ወደ እኔ አልገፋውም። ስፒከር ላይ አድርጎ፣ “ስሚ” አላት፣ “ጆሮዬ ነው የከዳኝ እንጂ አንቺን አልተቀየምኩሽም። አንቺ ተናገሪ፣ ልጅሽ አፏን እያሳየች ትደግምልኛለች።”
እማዬ አለቀሰች። ከዚያ፣ “ሞኝ! ናፍቀኸኛል በይው።”
አባዬ ከንፈሬን እያየ ይጠብቃል። “ናፍቀኸኛል” አልኩት። አሁን ‘ጎበዝ’ ሊለኝ ነው ብዬ ፈራሁ።
“አልሰማሁሽም፣ ድገሚልኝ” አለ።
ደገምኩለት። አሁንም “ድገሚልኝ።” ሦስተኛው ላይ ዓይኑን ሳየው... ተንኮለኛ፣ ከመጀመሪያውም ገብቶታል። ደገምኩለት።