በማይክ የሰደብኳቸው ሰው

ማክሰኞ

ሦስት መስካሪ ከየት ላምጣ! የተማሪዎች ምርቃት በዓል አዘጋጅ ወይዘሮ ሰናይት ቁርጡን ነገሩኝ። «ቀልደኛ ነው ይሉሃል። እኔ ለቀልደኛ አዳራሽ ሙሉ ሰው አልሰጥም። ንግግር ያደረግክላቸው ሦስት ሰዎች ስላንተ ሲመሰክሩ ድምፃቸውን ቀርጸህ ላክልኝ። አንዱ ግን ሽማግሌ ይሁን።»

ይህ የምርቃት ንግግር ሥራ ከተሰጠኝ መቱ ከተማ ውስጥ «እስቲ አንድ ቀልድ ጣል አድርግ» የሚባለው ዳኒ መሆኔ ቀረ። ተናጋሪ ነኝ። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ያቆመ ተናጋሪ፣ ግን ተናጋሪ።

እስካሁን የተገኘ፦
የፀጉር ቤቷ ቤቲ «ምርጥ ነው» ብላ ሳቀች። አራት ሴኮንድ።
የኳስ አሰልጣኙ «እሱ ካነቃቃን በኋላ ሦስት ለባዶ ተሸነፍን፤ ግን እየሳቅን» አለ። ሽንፈቱን ቆርጬ «እየሳቅን»ን አስቀረሁ።
ሽማግሌ የለም።

ረቡዕ

አለ እንጂ። ጋሽ ተረፈ፣ የሁሩሙው ንብ አርቢ። ጥር ላይ የልጃቸውን ሠርግ የመራሁት እኔ ነኝ። ችግሩ እዚያው ነው።

ማይኩን ይዤ፣ አማቾቻቸው ፊት፣ ድምፃቸውን እያስመሰልኩ፣ ቀፎ ሊያወርዱ ዛፍ ወጥተው ንብ እንዳባረራቸውና ቡና ማስጫ ላይ እንደወደቁ አወራሁ። ሱሪያቸው ዛፉ ላይ ቀረ ብዬም ጨመርኩ። ሱሪዋ የራሴ ፈጠራ ናት። ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። እሳቸው ሳህናቸውን አስቀምጠው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ሲያዩኝ መንገድ ይቀይራሉ።

ዛሬ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ጉሮሮዬን ጠራረግኩና በሳቸው ድምፅ ቀረጽኩ፦ «ተረፈ ነኝ፣ ከሁሩሙ። ልጁ ጨዋ ነው። ቤቴን አክብሮልኛል።» ላክሁት። ብቻዬን ተንከተከትኩ።

ከዚያ ሳቁ ጥሎኝ ሄደ። ስንት ቃል እያለ «ቤቴን አክብሮልኛል» ምን አስባለኝ?

ሐሙስ

ሥራውን አገኘሁ! ወይዘሮ ሰናይት ደውለው ነገሩኝ። ደስታዬ ግን ዓረፍተ ነገራቸውን እስኪጨርሱ እንኳ አልቆየም።

«ለሽማግሌው ደወልኩላቸው እኮ፤ ስልካቸውን ከዘመድ አገኘሁ። ድምፁን አሰምቻቸው ይህን ብለዋል ወይ ስላቸው ‹አዎ፣ የኔ ቃል ነው› አሉኝ።»

ቁርሴን ወደ ጎን ገፋሁት። ጋሽ ተረፈ ዋሹልኝ። ለኔ! እማዬ «ሥራ አግኝተህ እንደዚህ የምትቆዝመው ምን ሆነህ ነው?» አለችኝ። «ሙያዬ ከብዶኝ» አልኳት። ሳቀች። ሰው ሁሉ ይስቅልኛል።

ዓርብ

ሚኒባስ ይዤ ሁሩሙ ወረድኩ። ጋሽ ተረፈ ደጃቸው ላይ ቀፎ ይጠግናሉ። ቀና ሳይሉ፣ «መጣህ? ወይስ እኔ ነኝ የመጣሁት?» አሉ። በድምፃቸው መናገሬን እያነሱብኝ ነው።

«ጋሼ፣ ለምን ዋሹልኝ?»

«ሴትዮዋ ስትጠይቀኝ እንጀራህ እንደሆነ ገባኝ። የሰው እንጀራ በአንድ ቃል አይቆረጥም ብዬ ነው። ግን ስማኝ፣ ማሬ ላይ ስኳር ቀላቅዬ አላውቅም። አንተ ነህ በሽምግልናዬ ያስዋሸኸኝ።»

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ይዘው አስቆሙኝ።

«በማይክ ሰድበህ በጆሮዬ ይቅርታ ትላለህ? ነገ ገበያ ነው።»

ቅዳሜ

ከአይጥ መድኃኒት ሻጩ ሜጋፎን ተዋስኩ። «በመድኃኒቴ እንዳትቀልድ» አለኝ፤ ሳልቀልድ ተቀብዬው ሄድኩ። እኔ!

«የሁሩሙ ሰዎች፣ በሠርጉ ቀን በጋሽ ተረፈ ላይ ዋሽቻለሁ። በድምፃቸውም ሐሰት ተናግሬያለሁ። ይቅርታ...»

ሳቁ። ገበያው በሙሉ! አንዷ ቅመም ሻጭ «ዳኒዬ፣ ቀጥላ፣ ሱሪዋስ?» ብላ ጮኸች። «የእውነቴን ነው» ስል ጭራሽ ባሰባቸው። እንባዬ መጣ፤ እሱንም አጨበጨቡለት።

ጋሽ ተረፈ በሰው መሃል ገብተው ሜጋፎኑን ከእጄ ወሰዱ።

«ዱጋዳ!» አሉ፤ በኦሮምኛ እውነት ነው ማለታቸው ነው። ሰዉ ወደሳቸው ዞረ። «ልጁ አይቀልድም። ይቅርታውንም ተቀብያለሁ። ንቡ አባሮኛል፤ ወድቄያለሁም። ሱሪዬ ግን ከወገቤ አልወረደም!»

እንደገና ተሳቀ። አሁን ግን እሳቸውም ሳቁ።

በሕይወቴ በእውነት የተመሰከረልኝ ይኸው ብቻ ነው። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። አልቀረጽኩትም።

እሑድ

ለወይዘሮ ሰናይት በራሴ ድምፅ ሁሉንም ላክሁላቸው፤ ብርድ ልብሱን፣ የቆረጥኩትን ሦስት ለባዶ፣ ሁሉን። ሽማግሌው ለኔ ብለው ነው እንጂ ውሸታም አይደሉም አልኩ።

ሰምተውታል፤ ስልኬ ላይ ያለው ምልክት ያሳያል። መልስ የለም። ሥራው ሄዶ ይሆናል።

ጋሽ ተረፈ ግን ትናንት ስንለያይ፣ «ሁለተኛዋን ልጄን በመጪው ጥር እድራለሁ» አሉኝ። ናና ምራው አላሉኝም። አትምጣም አላሉኝም።