ስለ ዱዓሌና ስለ ትንሿ ጊታሩ፣ ለክቡር የመናኸሪያችን ኃላፊ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላህ። ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎ እንደምን ከርመዋል? የድሬ ፀሐይ ከቢሮዎ ደጃፍ እንዳታልፍ፣ ቬንትሌተርዎም አንድ ቀን እንኳ እንዳይቆም ዱዓዬ ነው። እኔ የዋሂል መስመር ቲኬት ቆራጯ አያን ነኝ።

አስቀድሜ ስለ ጸጥታው አመሰግናለሁ። ዱዓሌን ካባረሩልን እነሆ ሁለት ወር ሆነ። ፂሙን በሂና አቅልቶ፣ ጆሮው ላይ የፕላስቲክ አበባ ሰክቶ፣ ዩኩሌሌ የምትባለዋን ጡት ያልጣለች የምትመስል ባለ አራት ክር ጊታር ታቅፎ፣ በሶማልኛ ጀምሮ በኦሮምኛ አቋርጦ በአማርኛ የሚጨርሰውን ዘፈን ከእንግዲህ አንሰማም። እውነት ለመናገር ድምፁ ቀጭንና ጎርባጣ ነበር። መንገደኛው ይሸሸው፣ ሾፌሩ ክላክስ ይነፋበት ነበር፤ እኔም መስኮቴን የዘጋሁበት ቀን ከከፈትኩለት ይበዛል። ስለዚህ «ብዙ ሰው አይወደውም» ብለው በማስታወቂያዎ የለጠፉት ሐሰት አይደለም።

ቅሬታዬ ከዚያ ቀጥሎ ነው።

፩. የተባረረበት ምክንያት «በሐዘንተኛ ላይ መቀለድ» ይላል። የዚያን ቀን ጠዋት ከዋሂል ሰው ጭኖ የተነሳ አይሱዙ ተገለበጠ ተባለ። ሂቦ የምትባል እናት፣ ልጇ ሀናድ በዚያው መኪና ስለነበር፣ ወሬ ልትጠብቅ መጥታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ሁላችንም አይዞሽ ብለናት ወደየሥራችን ተመለስን። ዱዓሌ ግን አበባውን ከጆሮው አውርዶ ኪሱ ከተተና፣ ጥቂት ቦታ ትቶ አጠገቧ ተቀምጦ፣ ቃል ሳያወጣ ክሮቹን በቀስታ ይነካካ ጀመር። ተው ልለው ሄድኩ። ሴትዮዋ ቀና ሳትል፣ «አታስቁሚው፤ እሱ ዝም ካለ ክፉ ክፉው ይታየኛል» አለችኝ። እስከ ከሰዓቱ የዐስር ሰላት ድረስ ጣቱ እስኪላጥ ተጫወተ። የሀናድ መርዶ ሲመጣ እጁን ክሮቹ ላይ አሳርፎ አብሯት አለቀሰ። ክቡርነትዎ ግን መርዶው ከመምጣቱ በፊት በዚያ ሲያልፉ፣ ሲጫወት ከመኪናዎ ሳይወርዱ አንድ ጊዜ አይተው፣ በማግስቱ ጠዋት እገዳውን ለጠፉ። እንዲህ ያለ ፈጣን አገልግሎት በሌላውም ጉዳያችን ቢለመድ ምንኛ ደስ ባለን።

፪. ማንንም አልጠየቁም። ዱዓሌም ምስክር አምጣ ሲባል፣ ለሐዘን የተቀመጠች እናት ቢሮ ለቢሮ አላንከራትትም ብሎ ትንሿን ጊታሩን ለጥበቃው አስረከበ።

፫. ሁሉን ያየሁት እኔ ለእንጀራዬ ፈርቼ ዝም አልኩ። ይህ ቅሬታ በእርስዎ ላይ ሳይሆን በራሴ ላይ ነው፤ የሚመዘግብልኝ ሌላ ቢሮ ስለማላውቅ እዚሁ አስገብቼዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ጀልዴሳ ሄጄ አየሁት። የእህቱን ፍየሎች ውሃ ያጠጣል። ፂሙ ነጥቷል። አቤቱታ ልጻፍልህ ስለው፣ «ሰዎቹ ልክ ናቸው፤ ድምፄ አያምርም» አለኝ። ከዚያ ሂቦ እንቅልፍ ይወስዳት እንደሆነ ጠየቀኝ። ስለ ጊታሩ ግን አልጠየቀኝም።

ጊታሯ ከአሮጌ ጎማ ጋር ንብረት ክፍል መጣሏን ሰምቻለሁ። ለባለቤቷ ትመለስ ዘንድ፣ እሱም አግዳሚው ላይ ይቀመጥ ዘንድ ይፍቀዱለት ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ከታላቅ አክብሮት፣ ከትንሽ ድፍረትና ከዘገየ ሐፍረት ጋር፣
አያን፣ ድሬዳዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሂቦ ማንበብ ስለማትችል ይህን ደብዳቤ አነበብኩላት። ስለ እርስዎ ክፉ አልተናገረችም። «እሳቸውስ ቀን ሲከፋባቸው አጠገባቸው የሚቀመጥ ሰው አላቸው?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። መልሱን ስለማላውቅ ጥያቄዋን ለክቡርነትዎ አስተላልፌያለሁ።