አባባ ሳይጠይቀኝ የቀረው ጥያቄ

ለውድ እህቴ ለኖሚንዛያ፣

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? የሴኡል ብርድ ቀለል አለልሽ? ስፌት ላይ ስታጎነብሺ የሚያምሽ ወገብሽስ እንዴት ነው? እማዬም፣ አያታችንም፣ እኔም በጤና አለን። አባባ ከተለየን ወዲህ ግን ቤቱ ቤት አልሆነም። አያታችን «እስከ አርባ ዘጠኝ ቀኑ አታልቅሱ፤ እንባችሁ መንገዱ ላይ ወንዝ ይሆንበታል» ስለምትለን ዝም ብለን እንውላለን።

ባለፈው ስትደውዪ «በዚህ ዕድሜ ምን ፈተና ያስፈልግሃል ብዬ ያስቀረሁት እኔ ነኝ፤ የማዕድን ድርጅቱ ቢቀጥረው ከዚያ የሕንፃ መወጣጫ ባልወደቀ ነበር» ብለሽ ለእማዬ ስታለቅሺ፣ አጠገቧ ቆሜ እየሰማሁ አፌን ያዝኩ። እታለም፣ ያስቀረሁት እኔ ነኝ።

ለማዕድን ድርጅቱ ቃለ መጠይቅ አባባ ስለ ሥራው በእንግሊዝኛ መናገር እንዲችል የማስጠናው እኔ ነበርኩ። ቃላቱን ቶሎ ያዘ፤ እነዚያ እንደ «ውስጥ» እና «ላይ» ያሉ ትናንሽ ማያያዣዎች ግን እምቢ አሉት። «ድርጅት ውስጥ በበያጅነት እሠራለሁ» ሊል ፈልጎ «ድርጅት አናት ላይ» ይላል። ለብቻችን ስንስቅበት ምንም አልነበረም። «ታዲያ በያጅ የት ሊሠራ ኖሯል፣ አልጋ ላይ?» ይለኝ ነበር።

በነጭ ወር በዓል ግን አጎታችን ጋንሱኽ ከነጓደኞቹ ሊጠይቀን መጥቶ ገበታ እንደቀረበ፣ እኔ ዐዋቂ ልባል ብዬ «አባባ፣ እስቲ ሥራህን በእንግሊዝኛ ንገራቸው» አልኩት። እንደለመደው ተሳሳተ። «ሰማችሁ? አባቴ የሚውለው ጣሪያ ላይ ነው!» አልኩ። አጎታችን «አይ ወንድሜ፣ እርግብ ሆነህ አረፍከው!» ሲል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አባት በልጁ አፍ፣ በእንግዳ ፊት፣ ያውም በዓመት በዓል! አባባ የሱረት ጠርሙሱን ለእንግዳ እያቀበለ አብሮ ሳቀ፤ ጆሮው ግን ፍም መስሎ ነበር። ከዚያ ወዲያ አስጠናኝ ብሎኝ አያውቅም። የቃለ መጠይቁም ቀን ሕንፃው ላይ ሲበይድ ዋለ። ለአንቺ «ዕድሜዬን ፈርቼ ነው» ያለሽ እኔን ሸፍኖ ነው።

ትናንት የመበየጃ ሣጥኑን ሳጸዳ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። ስለ ሥራው በእንግሊዝኛ የሚናገረውን በእኛው ፊደል ጽፎታል። በላዩ ባለው ቀን መሠረት ከመሞቱ አራት ቀን በፊት የተጻፈ ነው። ለካ ተስፋ አልቆረጠም! ሁሉንም ራሱ አርሟል። ያቺን ማያያዣ ብቻ አስምሮባት በጎኗ «ቱጊን ልጠይቅ» ይላል።

አልጠየቀኝም። እኔም መልሱን ከሥሯ ጻፍኩለት።

ለአርባ ዘጠኙ ስትመጪ ወረቀቱን እሰጥሻለሁ። ያኔ ብትቆጪኝም አልሸሽም፤ ብቻ ከእንግዲህ ራስሽን አትውቀሺ።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ትንሿን አኑካን ሳሚልኝ። እማዬ ናፍቆቷ በዝቷል። አያታችንም እንደ ልማዷ ጉንጭሽን አሽትታ ስማሻለች።

ወንድምሽ ቱጉልዱር
ዳርሃን፣ ማርች 27