የእመት ፈዲላ ዓይን

ሐይቅ፣ ሰኔ 2014

ፀዳልዬ፣

ሐይቃቸው ከሐዋሳችን ቢያንስም ሰዎቹ ልቤን ወስደውታል። የጤና ጣቢያው ዕቃ በጦርነቱ ስለጠፋ መጋረጃ በጋረድኩባት ክፍል የምሠራው በእጅ በምትያዘው የዓይን ካሜራ ነው። እኛ ጋ በሽተኛው አገጩን ትልቁ ማሽን ላይ ያስደግፋል፤ ይህቺ እንደ ስልክ ቀላል ናት፣ ፎከሷንም ራሷ ታስተካክላለች።

ዛሬ ግን እመት ፈዲላ ላይ አቃታት። ስኳር አለባቸው፤ በጦርነቱ መድኃኒት ተቋርጦባቸው ዓይናቸው ደክሟል። ካሜራዋን ባስጠጋሁ ቁጥር ዓይናቸውን ሰበር ያደርጋሉ፤ ምስሉ ጠራ ስል መልሶ ይደበዝዛል።

«ልጄ፣ ባዳ ወንድ ላይ ማፍጠጥ ነውር ነው» አሉኝ።

ይሄኔ ጎረቤታቸው እትዬ ተሻለች መጥተው ከኋላዬ ቆሙ። «አብሽሪ ፈዲላዬ! እሱን ተይውና በዚያኛው ዓይንሽ እኔን እይኝ። ተኩሱ ሲበረታ ጎተራ ውስጥ ተደብቀን ሁለት ቀን ሙሉ ስንተያይ የነበርነው እኔና አንቺ አይደለንም?»

እመት ፈዲላ ቀና ብለው አዩዋቸው። ዓይናቸው ጸጥ አለ፤ ፎከሱም ያዘ። ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ሳይቀሩ ጥርት ብለው ወጡ። ዓይናቸው ከውስጥ መድማት ጀምሯል፤ ግን በጊዜ ደርሰንበታል፣ ነገ ደሴ ለሌዘር ሕክምና ይሄዳሉ። «አልሐምዱሊላህ» ሲሉ «አሜን» ያሉት እትዬ ተሻለች ናቸው። አብረው ነው የሚሄዱት።

የምጽፍበት ካርድ ሞላብኝ። ልጆቹን ሳሚልኝ፣ ጎረቤቶቹን ሰላም በይልኝ። እናትሽ ዛሬም «ዓይኔን አልታይም» እንዳሉ ናቸው? ካሜራዋን ይዤ ስመጣ አንቺ ከኋላዬ ትቆሚያለሽ።

ታረቀኝ