ተከሳሹ የከሳሿ ሞግዚት ስለሆነበት መዝገብ

ለፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት

ቀን፦ የካቲት 6

ጉዳዩ፦ ታላቅ ወንድሜ ከእናታችን ሞግዚትነት እንዲነሣና የተዘጋው ክስ እንዲከፈት ስለመጠየቅ

ክቡር ፕሬዚዳንት፣

1. ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እናቴንም የማስታምመው እኔው ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈስሶ ከተረፈች ወዲህ ነገር አትለይም፤ የሐኪም ማስረጃው ከመዝገቡ ጋር ተያይዟል። የቀራት ቃል አንድ ነው፤ «እሺ»። ብይ ቢሏትም እሺ፣ ሞተሻል ቢሏትም እሺ።

2. ከሆስፒታል በወጣች በአራተኛው ወር ታላቅ ወንድሜ «ቤቴን ሰጥቼዋለሁ» በሚል ወረቀት ላይ አውራ ጣቷን ቀለም አስነክሮ አስፈረማት። ውሉ ይፍረስ ብዬ ስመጣ ሬጅስትራሩ እሷ ራሷን ችላ መክሰስ ስለማትችል ሞግዚት ይሾምላት አሉኝ። ልክ ናቸው። እሰየው ብዬ አመለከትሁ።

3. የተሾመው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ወንድሜ። የበኩር ልጅ ነው ተብሎ። ክቡር ሆይ፣ የተከሰሰው እሱ፣ በከሳሽ ስም የሚቆመውም እሱ። ጅብ በግ ጠብቅ ተብሎ ተሾመ ማለት ይኼ ነው። በቀጠሮው ቀን ከከሳሽ ወንበር ተነሥቶ ክሱን ትተነዋል አለ። ዳኛው እናቴን «እማማ፣ ይስማማሉ?» ብለው ጠየቋት። ምን እንዳለች አይጠፋዎትም። መዝገቡ ላይ ግን «በፈቃዷ» ተብሎ ተጽፏል።

4. ለመክሰስ አእምሮ የላትም የተባለች ሴት፣ ክስ ለመተው አእምሮ ከየት መጣላት? ይህንኑ የመዝገብ ቤቷን ሠራተኛ ብጠይቃት፣ የቤተሰብ ጉዳይ ነውና በሽማግሌ ጨርሱት ብላ መስኮቷን ዘጋችብኝ።

5. ስለዚህ ወንድሜ ይነሣ። እኔን ካላመናችሁኝ ምንም ዝምድና የሌለው ሰው ይሾምላት፤ አልቀየምም። ክሱ ይከፈት፣ ቤቱም እንዳይሸጥ ይታገድ። እኔም ብፈልግ ወረቀት ይዤ እሺ ላስብላት እችል ነበር፤ አላደረግሁትም። ግድግዳ እየዳበሰች ብቻዋን ሽንት ቤት የምትደርሰው በዚያ ቤት ብቻ ነው። ሌላ ቦታ ብትወሰድ ትጠፋብኛለች።

እግዱ ግን ዛሬውኑ ይሁንልኝ። ትናንት ወንድሜ ገዢ ይዞ መጥቶ ክፍሉን ሲለካ፣ የሜትሩን ጫፍ ይዛ የቆመችለት እናቴ ናት።

ከነንዴቴ፣ ከሰላምታ ጋር

ታናሽ ልጇ
(ፊርማ)