ዳኛው የመጨረሻዋን ምት አልመታም አለ

ይድረስ ለምወድሽም ለምፈራሽም እታለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? ባልሽ ጋሼ ማንኮራፋቱን ተወ ወይስ ጎረቤቱን በትኖ ጨረሰ? ትንሿስ ጥርስ አወጣች? እኛ ደህና ነን፤ እማዬም ጠዋት ማታ ትረግመኛለች፣ ጤነኛ ናት ማለት ነው።

ትናንት ለምን እንደቀረሁ ሳትቆጪ ስሚኝ። ሻንጣዬን ሸክፌ፣ የአጎታችንን ጫማ ሳላስፈቅድ ተጫምቼ ነበር።

ታናሻችንን አሁን ዳኛው ነው የምንለው፤ ሁሉን አይቶ ዝም ስለሚል። በሰፈሩ አዳራሽ ጀርባ ባለችው ክፍል እንደሱ እጃቸው ተጨብጦ የቀረ ልጆች ከነቤተሰባቸው ይሰበሰባሉ። ነርሷ እጃቸውን ከመጎተት ዝፈኑላቸው አለችን፤ ከበሮ ለመምታት ሲሉ ራሳቸው ይዘረጋሉ። ዳኛው ግን እማዬ ስትዘፍን ጡጫውን ይብስ ይጨብጣል፤ አልፈርድበትም። እኔ ለቀልድ የእማዬን ንዝንዝ ዜማ አወጣሁለት። የመጨረሻዋን ምት እተውለታለሁ፤ እሱ ጣቱን ዘርግቶ ዷ እስኪያደርጋት ማንም ከቦታው አይነሳም። ሕጉን ያወጣሁት እኔው ነኝ። ከዚያ ወዲህ ያለ እኔ እጁን አይከፍትም። ድምፄን በስልክ ቀድቼ ባሰማው እንደ ተቀየመ ሽማግሌ ፊቱን አዞረ።

ትናንት ልሰናበተው ገባሁ። አውቶቡሱ ውጭ ጡሩንባውን ይነፋል። ዘፈኑን እስከ መጨረሻዋ ምት አደረስኩት። ዳኛው እጁን አነሳ፤ አምስቱም ጣቶቹ ተዘረጉ፣ ነርሷ እንደዚያ አይታቸው አታውቅም። ከዚያ ከበሮው ላይ አንጠልጥሎ አልመታም አለ። ሻንጣዬን አየ፣ እኔን አየና ፈገግ አለ፤ ያቺን ከእኔ የሰረቃትን የተንኮል ፈገግታ። እማዬ ምታ የኔ ጌታ ብትለው፣ እናቶቹ ቢለምኑት፣ ወይ ፍንክች። ክንዱ ይንቀጠቀጣል። ልነሳ አሰብኩ፤ ሕጉ የራሴ ነውና ተቀመጥኩ። የአውቶቡሱ ድምፅ ርቆ ሲጠፋ ዷ አደረጋት።

ቀጣሪሽ ሥራውን ይዞልኝ እስከ ቅዳሜ ብቻ እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ። ለሌላ ስጡት ብዬ ልጽፍ ነበር፣ እጄ አልታዘዝ አለኝ። እመጣለሁ ልበልሽ ብል ያ ክንድ ትዝ ይለኛል። የዘረጋሁት ወጥመድ እኔኑ ያዘኝ፣ እታለም፤ እንደ ድሮው ልስቅበት ብሞክር አልመጣልኝም።

ለጋሼ ሰላም በይልኝ፣ ካልተኛ። ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝ። አከራይሽን እማማንም እጅ ንሺልኝ፤ አልጋ አዘጋጅተውልኝ ነበርና አፈርኳቸው። እማዬ ስማሻለች፤ አጎታችን ጫማውን አግኝቷል።

ሻንጣዬን አልፈታሁትም። ዳኛው ግን ከበሮ አድርጎታል።

መዓተኛው ወንድምሽ
ከእናታችን ቤት፣ ከሻንጣው አጠገብ
ረቡዕ፣ ሰኔ 4 ቀን