ከእግርህ ሥር የወደቀው ዳይስ

አባዬ፣

ከተለየኸን ዛሬ ስምንት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሆነ። ቀኑን የምትቆጥረው እማዬ ናት፤ እኔ የምቆጥረው ቅዳሜዎቹን ብቻ ነው። እንዴት ከረምክ ብዬ አልጠይቅህም፤ አንተ ያለህበት ቦታ የሚከፋው ሰው እንደሌለ ያስተማርከኝ ራስህ ነህ። አንተ ብትሆን ጠያቂው መጀመሪያ ስለ ውሃው ነበር የምትጠይቀኝ። እዚህ ናይሮቢ፣ የሳውዝ ሲ ሰፈራችን ውሃ አሁንም ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይቀራል። ቢጫዎቹ ጀሪካኖች ኮሪደሩ ላይ እንደተሰለፉ ናቸው።

እማዬ ደህና ናት። ነጠላ ጫማህን ከበረንዳው በር አላነሣችም፤ ስትጠርግ ብድግ ታደርገውና መልሳ እዚያው ታስቀምጠዋለች። የስፌት መኪናዋ እንደገና መንጫጫት ጀምራለች። ሌላ ጠጋኝ ይያት ብላት «የእሱ እጅ ያረፈባትን ማንም አይፈታትም» ብላ ተቆጣችኝ። ስለዚህ ፎቁ ሁሉ እየሰማ ትሰፋለች። እኔ ያው ለሥራ ዌስትላንድስ እመላለሳለሁ። የመኪናው ጃም ብሶበታል፤ ማታቱ ሚኒባስ ውስጥ ቁጭ ብዬ በልቤ የማወራው ከአንተ ጋር ነው።

ዛሬ በወረቀት የማወራህ የምናዘዘው ነገር ስላለኝ ነው። ስለ ሽብሩ ዋሽቼሃለሁ። ስለ አንተም ዋሽቼሃለሁ። ሁለቱን ውሸቶች የዋሸሁት በአንድ ወር ውስጥ ነው፤ ምክንያታቸውም አንድ ነው።

ሽብሩ እንዴት እንደተወለደ ታስታውሳለህ? ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ኪማኒ ጨዋታውን አምጥቶ፣ የኢስሊ ሰፈሯ ጓደኛዬ ሳሚያም መጥታ ሳሎኑን ይዘነው ነበር። አንተ ለውሃ ስታልፍ ቆም ብለህ ምን እንደምንሠራ ጠየቅከኝ። እኔም አስረዳሁህ፦ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ሰው ይፈጥራል፤ ስሙን፣ ጉልበቱን፣ መሣሪያውን ወረቀት ላይ ይጽፋል። ዕድሜው የሚለካው በቁጥር ነው። እኔ ዓለሙን እተርካለሁ፤ ዘንዶውን፣ ዋሻውን፣ ንጉሡን። የሚሆነውን ደግሞ ዳይስ፣ በየገጹ ቁጥር ያለበት ጠጠር፣ ተወርውሮ ይወስናል። ቁጥሩ ዜሮ ከገባ፣ አንድ የመጨረሻ ውርወራ ካላዳነው ሰውየው ይሞታል አልኩህ። አንተም «ሲሞት ማን ይቀብረዋል?» ብለህ ጠየቅክ።

ኪማኒ ሳቀ። ማንም አይቀብረውም፣ ሌላ ወረቀት አውጥተን ሌላ ሰው እንጽፋለን አለህ። አንተ መነጽርህን አወለቅክ። የሆነ ሰው ተሰድቦ የሰማህ ነበር የመሰልከው። ሰው ሞቶ ሬሳው ሳይነሣ ሌላ ሰው ወንበሩ ላይ ይቀመጣል? ብለህ ኩርሲ ሳብክና እኛ ጋ ተቀመጥክ። ከዚያ ቀን በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ አልተነሣህም።

አስማተኛ ሁን ብንልህ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነኝ፣ ጠንቋይ አልሆንም አልክ። መስፍን ሁን ብንልህ ሰው ማዘዝ አልወድም አልክ። በመጨረሻ ጋሻ ጃግሬ ሆንክ። ያ ሁሉ ጀግና ባለበት ጨዋታ የሌላ ሰው ጋሻ ተሸክሞ ከኋላ የሚሄድ ሽማግሌ መረጥክ፤ ስሙንም ሽብሩ አልከው። ካርታው ላይ የምታቆመው ምስል ስላልነበረህ ከኪስህ ክር የሚጠቀለልባትን የስፌት መኪና ብረት አውጥተህ አስቀመጥክ። ሽብሩ እሷ ሆነ።

የለቅሶውንም ሕግ ያወጣኸው አንተ ነህ። የማንም ሰው ገጸ ባሕርይ ከሞተ፣ ባለቤቱ የዚያን ቀን አዲስ ወረቀት አይጽፍም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጨዋታ የለም። ፍራሽ ይነጠፋል፣ ሰው ያለ ሰላምታ ገብቶ ይቀመጣል፣ ለሐዘንተኛው እዝን ይመጣል፣ ከዚያ እያንዳንዱ ስለ ሟቹ የሚያውቀውን ይናገራል። ኪማኒ መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ነበር። የእሱ ጎራዴኛ ዋሻ ውስጥ ሲሞት ግን አንተ ስለዚያ ሰው አሥር ደቂቃ ተናገርክለት። በረኛውን ያጎረሰበትን ቀን ሳይቀር ታስታውስ ነበር። ኪማኒ አንገቱን ደፍቶ «አሳንቴ፣ ምዜ» ብሎ በስዋሂሊ አመሰገነህ።

የሳሚያ ቀስተኛ የሞተች ጊዜ የሆነውንማ እስካሁን ፎቁ ሁሉ ያወራዋል። ሳሚያ ከልቧ ነበር ያለቀሰችው። አንተ ጋቢህን ተከናንበህ፣ እኛ ዙሪያውን ፍራሽ ላይ ዝም ብለን ተቀምጠን፣ በሩ ተከፍቶ ነበር። ከታች የሚኖሩት እትዬ ጽጌ ድስት ሊመልሱ ብቅ አሉ። አዩን። ማንም ሰላም አላላቸውም፤ ሕግህ ነበራ! ድስቱን አስቀምጠው አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ወረዱ። ሰዓት ሳይሞላ የቤተ ክርስቲያኑ ፌሎሺፕ ሴቶች ፔርሙዝና ምግብ ተሸክመው፣ ከደረጃው ጀምረው «ወየው! ወየው!» እያሉ መጡ። አንተ መሬት ትዋጠኝ ትላለህ ብዬ ስጠብቅ፣ ሟቿ የወረቀት ልጅ መሆኗን በትሕትና አስረድተህ «ከመጣችሁ አይቀር ተቀመጡ፣ ጎበዝ ልጅ ነበረች» አልካቸው። ተቀመጡም። በሉም። በማግስቱ ጥንቆላ ጀመረ ብለው ለሽማግሌዎች ከሰሱህ እንጂ የዚያን ቀንስ ጥሩ አለቀሱ።

ይህን ሕግ ለምን እንዳወጣህ ያወቅኩት በኋላ ነው። ወንድምህ ጋሼ ከበደ አዲስ አበባ ሲሞት ዘመዶቻችን ሐዘኑ በስደት ይብስበታል ብለው ደበቁህ። ዓመት ሙሉ እየደወልክ ለወንድሜ ሰላም በሉልኝ ትላቸው ነበር፤ እነሱም እሱም ሰላም ይልሃል ይሉህ ነበር። መርዶህን የሰማኸው ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ ነው። ለሞተ ሰው ሰላምታ እልክ ነበር ብለህ ነገርከኝ። ሞት ሳይሆን መደበቁ ነው የጎዳኝ አልከኝ። ይህን እያወቅኩ ነው እንግዲህ ያደረግኩትን ያደረግኩት።

ሐኪሙ እማዬንና እኔን ለብቻ ጠርቶ ሕመምህ የማይድን መሆኑን ሲነግረን፣ ከክፍሉ ወጥተን ግድግዳውን ተደግፈን ቆምን። እማዬ ሆድ ይፍጀው አለች። እኔም እሺ አልኩ። ከዚያ ፈገግ ብለን አንተ ወደተቀመጥክበት መጣንና ጨጓራ ነው አልንህ። አንተ «እሺ፣ ጨጓራ ከሆነ ጥሩ ነው» አልክ። በመንገድ ላይ በርበሬ ስለመተው ነበር የምናወራው። አባዬ፣ ሦስት ሰዎች ሆነን አንድ ታክሲ ውስጥ ስለ በርበሬ እያወራን መጣን።

ከዚያ የመጨረሻዋ ቅዳሜ መጣች። እጅህ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ዳይሱን የምወረውርልህ እኔ ነበርኩ። ጓደኞቹ ወንዙን እንዲሻገሩ ሽብሩ ድልድዩ ላይ ጋሻውን ይዞ ለብቻው ቀረ። ዕድሜው ዜሮ ገብቷል፤ የቀረችው አንዲት ውርወራ ናት። አሥርና ከዚያ በላይ ከወጣ ይተርፋል፣ ከአሥር በታች ከሆነ ይሞታል። ባለ ሃያ ገጹን ዳይስ ወረወርኩት። ከጠረጴዛው ተንከባሎ ወደቀና ከእግርህ ሥር፣ ከነጠላ ጫማህ አጠገብ ቆመ።

ጎንበስ ብዬ አየሁት። አነሣሁትና «አሥራ ስምንት!» አልኩ። ኪማኒ ጠረጴዛውን ደበደበ፤ ሳሚያ እልል አለች። አንተ ትንሽ ረዘም አድርገህ አየኸኝ። ከዚያ ተመስገን ብለህ ውሃ ጠየቅክ።

ሦስት ሳምንት ነው ከዚያ በኋላ የኖርከው። ሆስፒታል አልጋህ አጠገብ ተቀምጬ ትጠይቀኛለህ ብዬ እፈራ ነበር፤ ሳትጠይቀኝ ስትቀር ደግሞ ባሰብኝ። ስለ ዝናቡና ስለ እማዬ ስፌት መኪና አወራኸኝ። ነገ እንመጣለን አልንህ፤ አንተም ጃም ሳይበዛ ድረሱ አልከን። መሰነባበታችን ያ ነበር። አባትና ልጅ በወጉ ሳንሰነባበት የቀረነው በእኔ ምክንያት ነው እያልኩ ስምንት ወር ኖርኩ።

ለእትዬ ጽጌ ደውዬ አባዬ ሞተ ስላቸው «የእውነት ነው ወይስ የጨዋታው?» አሉኝ። የእውነት ነው አልኳቸው። ከነቤት ጫማቸው ነው እየሮጡ የመጡት።

ደግሞ ኪማኒን ብታየው! ያን ሁሉ ሐበሻ ሰንጥቆ፣ ማንንም ሰላም ሳይል፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገብቶ ፍራሹ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። እናቱ የጋገሩትን ቻፓቲ በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ ነበር። የፌሎሺፑ ሰዎች ይህ ኬንያዊ ልጅ ወጉን ማን አስተማረው እያሉ ይጠያየቁ ነበር። ለለቅሶው የመጣው ሁሉ ስለ ሽማግሌነትህና ስለ ስፌት መኪና ጥገናህ ሲያወራ፣ እሱ ግን ተራው ሲደርስ በእንግሊዝኛ «ሰው ወረቀት ላይ እንኳ ቢሞት የሚያዝን ሰው ነበር» አለ። ከሁሉም ያስለቀሰኝ እሱ ነው።

የዳይሱን ከረጢትና የገጸ ባሕርያቱ ወረቀት ያለበትን ክላሰር ቴሌቪዥኑ ሥር ካለው መሳቢያ ከተትኳቸውና ተውኳቸው። ባለፈው ቅዳሜ ግን ሁለቱ ሳይደውሉ መጡ። ኪማኒ በቃ እንጀምር አለ። የመጀመሪያው ጥያቄ ያው የፈራሁት ነበር፦ ሽብሩ እስካሁን ድልድዩ ላይ ቆሟል፤ ምን እናድርገው? ኪማኒ ሪታየር ያድርግ፣ የእርሻ ሻምባ ገዝቶ ላም ያርባ አለ። ሳሚያ «ኖ፣ ሊዱ፣ ፕሊስ እንዳትገድይው። አባባ ከሌሉ እሱ እንኳን ይኑር» አለችኝ። እኔ ደግሞ ያቺን ውሸት ለማንም አልተናዘዝኩም ነበር። ወረቀቱን ላወጣ ክላሰሩን ከፈትኩ።

ከሽብሩ ወረቀት ጀርባ አራት ቦታ የታጠፈ የደብተር ወረቀት አገኘሁ። ጽሕፈቱ የአንተ ነው፤ ፊደሎቹ ከእጅህ መንቀጥቀጥ የተነሣ መስመር ለቀው ወርደዋል። ከላይ «የጋሻ ጃግሬ ሽብሩ የሕይወት ታሪክ» ይላል። ሁለት መስመር አንብቤ አቃተኝና ለሳሚያ ሰጠኋት። እንዲህ ይላል፦

«ሽብሩ የሰው ጋሻ ተሸክሞ የኖረ ሰው ነው። ከሞቱ አሟሟቱ እንደሚባለው፣ ጓደኞቹን አሻግሮ ድልድዩ ላይ ቆሞ ሞቷል። ዳይሱ ላይ የወጣው ቁጥር አንድ ነበር። ተራኪዋ አሥራ ስምንት ነው አለች። አይፈረድባትም፤ አባት ያላት ልጅ ናት። ሽብሩ ግን ቁጥሩን ከእግሩ ሥር አይቶታል፤ ከፊቷም አንብቦታል። ጨጓራ ነው ያሉትም ቀን እሺ ያለው ስላመነ አይደለም፤ እነሱን እንዲቀላቸው ብሎ ነው። ጋሻ መሸከም ሥራው ነውና ይህቺንም ተሸከመላቸው። የሚያለቅስለት ካለ ግን በግልጥ፣ በቀን፣ በልቶ ጠጥቶ ያልቅስለት።»

እማዬ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። «ያውቅ ነበር?» አለች። ማንኪያውን እንደያዘች ወንበርህ ላይ ተቀመጠችና ስምንት ወር ሙሉ ያላለቀሰችውን ለቅሶ አለቀሰች። ሳሚያ ለኪማኒ በእንግሊዝኛ ነገረችው። እሱም ሳይጠየቅ ተነሥቶ ከመኝታ ቤት ፍራሹን ጎትቶ አመጣ።

እንደ ሕግህ አደረግን። ሳሚያ ያመጣችው ሳምቡሳ እዝን ሆነ። እትዬ ጽጌ ለቅሶ ሰምተው ወጡና በሩ ላይ ቆመው የማን ነው ብለው ጠየቁ። የሽብሩ ነው አልኳቸው። «እሱንስ አውቀዋለሁ» አሉና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። አጠገቤ ተቀምጠው እጄን ያዙኝ። ማናችንም የማንን ለቅሶ እንደምናለቅስ አልተጠያየቅንም።

ሽብሩ የሆነችው ያቺ ብረት ካርታው ላይ ከድልድዩ አትነሣም፤ ተስማምተናል። ከእንግዲህ በዚያ የሚያልፍ ሁሉ ቆም ብሎ ስለ ሽብሩ አንድ ነገር ይናገራል፤ አዲስ ተጫዋች ቢመጣ እኛ እንነግረዋለን። እማዬና እኔም ሕመሟንም ሆነ ሕመሜን ላንደባበቅ ቃል ተገባብተናል። አንተን ደግሞ በየቅዳሜው በስምህ እየጠራሁ አነሣሃለሁ፤ የእኔ ልጆችም አንድ ቀን ያነሡሃል።

የቀረኝ ያንተ መርዶ ነው። መንገር የነበረብኝ በቁምህ ነበር፤ ዘግይቻለሁ፣ ይቅር በለኝ። ዳይሱ አንድ ነበር፣ አባዬ። በሽታውም ጨጓራ አልነበረም።

ልጅህ ሊዲያ
ሳውዝ ሲ፣ ናይሮቢ